ግንባሩ ለተነሳ ፒክአፕ የሚሆን ሾክ

ቢልስታይን 5100 የተባለው ሾክ ቀለም አልተቀባም። ቱቦው በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ብርማ ነው፣ ግን አያንጸባርቅም። ጥፍር ቢያሳልፉበት የትም አይዝም። ለፒክአፕ የፊት እግር የተሠራው ግን ወገቡ ላይ ሲደርሱ ጥፍርን ያቆማል። እዚያ ቱቦውን ዙሪያውን የከበቡ ቀጫጭን ቦዮች ተቆርጠዋል። ቦዮቹ ትይዩ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም የተለካ ነው። ከቦዮቹ በአንዱ ውስጥ ከክብ ሽቦ የተሠራ ቀለበት ይገባል። በቀለበቱ ላይ የሞላው መቀመጫ ያርፋል፣ በመቀመጫው ላይ ሞላው፣ በሞላው ላይ ደግሞ የመኪናው ግንባር ግማሽ ክብደት።

ከሽቦ የተሠራ ነው ሲባል ቀላል ነገር እንዳይመስል። ክፍት ቀለበት ነው፤ ጫፎቹ አይገናኙም። ሰፋ ተደርጎ ቱቦው ላይ ይንሸራተታል፣ ቦዩ ጋ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይገባል። ከውፍረቱ ከፊሉ ቦዩ ውስጥ ይሰምጣል፣ ከፊሉ ውጭ ይቀራል። ሸክሙን የሚችለው ይህ ውጭ የቀረው ክፍል ነው። ብቻውን ቢተው ጭነት ሲበረታበት ተከፍቶ ሊወጣ ይችል ነበር። ስለዚህ የመቀመጫው ውስጠኛ ጠርዝ ቀለበቱን ዙሪያውን እንዲያቅፈው ሆኖ ተፈልፍሏል። ሞላው መቀመጫውን ወደ ታች በተጫነው መጠን ቀለበቱ መውጫ ያጣል። ብየዳ የለም፣ ቡሎን የለም፣ የሚጠብቅ ጥርስም የለም። ጥርስ ያላቸውንና መቀመጫቸው እየተሽከረከረ ከፍ ዝቅ የሚለውን ሾኮች አውቃለሁ፤ በሚሊ ሜትር ያስተካክላሉ፣ መልካም ነው። ነገር ግን በክረምት ጨው በሚረጭበት መንገድ ጥቂት ዓመት የሄደ ጥርስ አይዞርም። ቀለበቱ ግን የሚዞር ነገር ስለሌለው የሚጣበቅም ነገር የለውም።

ቦዮቹ ለምን ብዙ ሆኑ? መልሱ ያለው ፒክአፑ በሚቆምበት አኳኋን ላይ ነው። ታኮማም ሆነ ኤፍ 150 ወይም ሲልቨራዶ ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ከፍ፣ ግንባሩ ዝቅ ያለ ነው። ልዩነቱ በብዙዎቹ 2 ኢንች ግድም ይሆናል። ኋላው ከፍ ያለው ጭነት እየጠበቀ ነው፤ ካሶኒው ሲሞላ ወይም ተጎታች ሲታሰርበት ባሌስትራው ይወርድና መኪናው ይስተካከላል። ባዶውን የሚነዳው ሰው ግን ዘወትር አፍንጫው ያቀረቀረ መኪና ነው የሚያየው፤ ሰፋ ያለ ጎማ ሊያስገባ ቢፈልግም የፊት ፓራፋንጎው ይጠበዋል። ሌቭሊንግ ኪት የሚባለው ግንባሩን ከ1.5 እስከ 2.5 ኢንች አንስቶ ከኋላው ጋር የሚያስተካክለው ዕቃ ነው። ዋጋው አነስተኛ፣ ሥራውም የግማሽ ቀን ነው። ሰዎች ስለ ሾክ ማሰብ የሚጀምሩት ኪቱ ከገባ በኋላ፣ መኪናው መንጠር ወይም መንቋቋት ሲጀምር ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻል ነበር።

ኪቱ ሁለት ዓይነት አለው፤ ሁለቱ ሾኩን የሚበድሉት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። አንደኛው ከሾኩና ከሞላው ጥምር አናት በላይ፣ ከሻንሲው በታች የሚገባ ስፔሰር ነው። ከአሉሚኒየም ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። ሁለተኛው የሚገባው በጥምሩ ውስጥ ነው፤ በሞላውና በላይኛው መቀመጫው መካከል። ከውጭ ለሚያይ ውጤታቸው አንድ ነው፣ ግንባሩ ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት መያዝ ያስፈልጋል። ሾኩ የሚታሰረው ጎማው ጋ ሳይሆን የታችኛው ክንድ መካከል ግድም ነው። ስለዚህ ጎማው ሁለት ሲሄድ ሾኩ አንድ ያህል ይሄዳል። ትክክለኛው ቁጥር ከመኪና መኪና ይለያያል፣ ግን ለግምት ሁለት ለአንድ ይበቃል። 1 ኢንች ውፍረት ያለው ስፔሰር አናት ላይ ቢገባ ግንባሩን 2 ኢንች ያነሳል። የቢልስታይኑ ቦዮችም በዚሁ ሕግ የተቆረጡ ናቸው፤ 2.5 ኢንች ከፍታ የሚሰጠው ቦይ ከታችኛው ቦይ የሚርቀው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ወደ ላይ ተቀራርበው የሚታዩት ቦዮች መኪናው ስር ሲገቡ ሰው ከመኪናው አጠገብ ቆሞ የሚያየውን ልዩነት ያመጣሉ።

አናት ላይ የሚገባው ስፔሰር የሾኩን ርዝመት አይነካም፤ የሚቆምበትን ቦታ ነው የሚያወርደው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ክንዱ ከወትሮው 2 ኢንች ዝቅ ይላል። ሲቪ ጆይንቱ ከለመደው በላይ ይታጠፋል፤ የላይኛው ክንድ ቦል ጆይንት ወደ መጨረሻው ይጠጋል፤ በአንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ ክንዱ ራሱ ሞላውን ይነካል። ጎማው ወደ ላይ ሲመታ ሌላ ችግር ይመጣል። ክንዱን የሚያቆመው የጎማ ተከላካይ ሻንሲው ላይ በቦታው እንዳለ ነው። የሾኩ አናት ግን በ1 ኢንች ወርዷል። ክንዱ ተከላካዩን ከመንካቱ በፊት ሾኩ 1 ኢንች ተጨማሪ መታጠፍ አለበት። ያ ትርፍ ርቀት ከሌለው ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ፒስተን መጨረሻው ላይ ይደርሳል፣ ሙሉው ምት ሾኩ ውስጥ ያልቃል። አንድ ጊዜ ይችላል፣ ሁለት ጊዜም ይችላል።

ውስጥ የሚገባው ስፔሰር ሲሆን፣ ወይም መቀመጫው በቀለበት ከፍ ሲደረግ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ሰው ሞላው ስለተጨመቀ ጠነከረ ይላል። አልጠነከረም። የሚሸከመው ክብደት ያው ነው፤ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የሚታጠፈው ያንኑ ያህል ነው። የተለወጠው ሾኩ ከዘንጉ ምን ያህል አውጥቶ እንደሚቆም ነው። 5 ኢንች የሚሄድ ዘንግ ያለውን ሾክ እንውሰድ። መኪናው እንደ ፋብሪካው ሲቆም 2 ኢንች ለመዘርጋት፣ 3 ኢንች ለመጨመቅ ቀርቶታል እንበል። ግንባሩ 2 ኢንች ሲነሳ ሾኩ 1 ኢንች ይዘረጋል። አሁን ለመዘርጋት የቀረው 1 ኢንች ብቻ ነው፤ ጎማው ላይ ሲሰላ 2 ኢንች። የመንገድ ማቀዝቀዣ ጉብታ አልፎ ጎማው ሲወርድ ይህ ቶሎ ያልቃል። ፒስተኑ የዘንጉን መሪ ከታች ይመታል፣ የመኪናውን መሪ የያዘ ሰው ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰውየው ሞላው ደረቀ ብሎ ያስባል። የሰማው የሾኩን ጣሪያ ነው።

እንግዲህ የምርጫው መሠረት ርዝመት ነው። በብዙዎቹ ፒክአፖች የፊት ጎማ ወደ ታች ሲሄድ የሚያቆመው ሌላ ነገር የለም፤ ሾኩ ራሱ ነው። ከመጠን በላይ ያጠረው እየተነጨ ይንቋቋል። ከመጠን በላይ የረዘመው ደግሞ ጎማውን አሳልፎ ይለቀውና ሲቪ ጆይንቱና ቦል ጆይንቱ ማቆሚያ ይሆናሉ፤ እነሱ ለዚያ አልተሠሩም። ጥሩ ሾክ ሠሪ በዚህ ጠባብ ርቀት ውስጥ ነው የሚሠራው። የተዘረጋ ርዝመቱን ለክንዶቹ ሲል ይወስናል፣ የተጨመቀ ርዝመቱን ለጎማ ተከላካዩ ሲል ይወስናል፣ ቦዮቹን ደግሞ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ይቆርጣል። ላይኛው ቦይ ከ2.5 ኢንች ግድም የማያልፈው ቱቦው ቦታ ስላጣ አይደለም። ከዚያ በላይ የሚወጣው ከፍታ ከሚዘረጋው ርቀት ላይ እየተቀነሰ ስለሆነ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ክልክል አለ። ኪቱ ስፔሰር ከሆነና ባለ ቦይ ሾክ ከተገዛ፣ ስፔሰሩ ይወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ፣ ማለት ቀለበቱን ላይኛው ቦይ ላይ አድርጎ አናቱ ላይ ስፔሰር መጨመር፣ ሁለቱንም ጉዳት በአንድ መኪና ላይ ማከማቸት ነው። ስፔሰሩን ማቆየት የሚፈልግ ሰው ለዚያ ስፔሰር ተብሎ ርዝመቱ የተሰላ ሾክ ይፈልግ፣ ወይም ባለ ቦዩን ታችኛው ቦይ ላይ አስሮ ይተወው፤ ያውም ሠሪው ለዚያ መኪና ከፈቀደ ነው።

ቦዮቹ ሌላም ጥቅም አላቸው፣ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ታኮማ ወደ ሾፌሩ በኩል ጥቂት የማዘንበል ጠባይ አለው። የነዳጅ ታንከሩ በዚያው በኩል ነው፣ ሾፌሩም በዚያው በኩል ይቀመጣል። ባለሙያው ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ፣ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኙን ይለካል። ልዩነት ካገኘ የግራውን ቀለበት አንድ ቦይ ከፍ ያደርጋል። ለዚህ ሥራ ሌላ ዕቃ አይገዛም። የመኪናው ሁለት ጎን በአንድ ቦይ ልዩነት ቀጥ ይላል።

አሁን ቱቦውን እንክፈተው። ሾኮች በጥቅሉ ሁለት ዘር ናቸው። ባለ ሁለት ቱቦው በውስጡ ሌላ ቱቦ አለው፤ ፒስተኑ በውስጠኛው ይሄዳል፣ ትርፍ ዘይቱ ግርጌ ባለው ቫልቭ በኩል ወደ ውጭኛው ያልፋል፣ ከዘይቱ በላይ አየር ወይም ግፊቱ አነስተኛ የሆነ ጋዝ አለ። ባለ አንድ ቱቦው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ይህን ሁለተኛውን ያሰበው ፈረንሳዊው ክርስቲያን ቡርሲዬ ደ ካርቦን ነው፤ በብዛት አምርቶ በ1957 በመርሴዲስ ቤንዝ መኪኖች ላይ ያዋለው ደግሞ የጀርመኑ ቢልስታይን ነው። ኩባንያው 1873 ሲቋቋም ሥራው የመስኮት መግጠሚያ ብረት ነበር።

የ5100 ፒስተን ዲያሜትር 46 ሚሊ ሜትር ነው። ከፒስተኑ በታች ዘይት አለ፣ ከዘይቱ በታች ዘንግ የሌለው ሌላ ፒስተን ይንሳፈፋል፣ ከእሱ በታች 25 ባር ግድም የታመቀ ናይትሮጅን አለ። የፒክአፕ ጎማ ውስጥ ያለው አየር የዚህ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ተንሳፋፊው ፒስተን ምን እንደሚሠራ ለማየት ዘንጉ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ሾክ እንውሰድ። ዘንጉ 100 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ዘይት አይታመቅም፣ ስለዚህ ያ ቦታ ከየት ይምጣ? ተንሳፋፊው ፒስተን ጋዙን እየገፋ ወደ ታች ይሸሻል። የሚሸሸው ከ9 ሚሊ ሜትር ጥቂት በላይ ብቻ ነው። 100 ለ9፤ የዘንጉና የቱቦው ስፋት ያወጣው ጥምርታ ነው።

ጋዙ የታመቀው ሞላውን ለመርዳት ይመስላል፣ አይደለም። ፒስተኑ በፍጥነት ሲያልፍ ከኋላው ያለው ዘይት ግፊት ያጣል፣ ግፊት ያጣ ዘይት ደግሞ አረፋ ያወጣል። እንደ ተናጠ ወተት የሆነ ዘይት በቫልቭ ውስጥ ሲያልፍ አይቋቋምም፤ ሾኩ ባዶ ይሆናል። 25 ባር ዘይቱን ሁልጊዜ ጠቅጥቆ ስለሚይዘው አረፋ የመሆን ዕድል አያገኝም። ባለ ሁለት ቱቦው ጋዙና ዘይቱ ስለሚነካኩ በረጅም ወጣ ገባ መንገድ ላይ ይደክማል። ሙቀቱም ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ ቱቦ ውስጥ ዘይቱና ውጭው አየር የሚለያዩት በአንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው።

የኋላ ሾኮቹ ሳጥን ውስጥ የሚመጡት በማሰሪያ ተጨምቀው ነው። ማሰሪያው ሲቆረጥ ዘንጉ በራሱ ይወጣል። አይፈናጠርም። አንድ ዓይነት ፍጥነት ይዞ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። የሚገፋው 25 ባር በዘንጉ ጫፍ ስፋት ላይ ነው፤ ለ14 ሚሊ ሜትር ዘንግ 39 ኪሎ ግድም። የሚያዘገየው ዘይቱ በቫልቮቹ ስንጥቆች ውስጥ ሲያልፍ ነው። መሃል ላይ የሚዘል ወይም የሚይዝ ከሆነ ከመኪናው ስር ሳይገባ ወደ ሻጩ ይመለስ። የተሻለ ፈተና አላውቅም፣ መሣሪያም አይጠይቅም።

ቫልቮቹ ስስ የብረት ዲስኮች ናቸው። በፒስተኑ ላይና ታች ተደርድረው ቀዳዳዎቹን ይሸፍናሉ። ዘይቱ ሲገፋቸው ጠርዛቸው ይታጠፋል፣ በታጠፈው ስንጥቅ ያልፋል፣ ሲለቃቸው ይመለሳሉ። የአንዱ ዲስክ ውፍረት የሚሊ ሜትር አሥረኛ ወይም የዚያ ጥቂት እጥፍ ነው። ግትርነቱ ግን ከውፍረቱ ጋር በእኩል አይሄድም፤ በሦስተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። 0.20 የነበረው 0.25 ሲሆን ግትርነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። 0.15 የነበረው 0.30 ቢሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሰው እነዚህን ዲስኮች በጣቱ እየዳሰሰ አይለያቸውም፤ በማይክሮሜትር እየለካ ይደረድራቸዋል። ትልቁ ከፒስተኑ ጋር ይገናኛል፣ በላዩ ያነሱት እየጠበቡ ይከማቻሉ፣ ትንሿ ዲስክ ጫፍ ላይ ሆና የመታጠፊያውን መነሻ ትወስናለች። አንድ ዲስክ ማውጣት የመኪናውን ጠባይ ይለውጣል።

ቢልስታይን የእሽቅድምድም ሾኮቹን ቫልቭ በሁለት ቁጥር ይጽፋል፣ ለምሳሌ 255/70። ዘንጉ በሴኮንድ 0.52 ሜትር ሲሄድ የሚገኝ ኃይል ነው፤ የመጀመሪያው ሲዘረጋ፣ ሁለተኛው ሲጨመቅ። ቁጥሩ በአሥር ሲባዛ ኒውተን ይሆናል። ስለዚህ ሲዘረጋ 2,550፣ ሲጨመቅ 700 ኒውተን ነው። መዘርጋቱ ከመጨመቁ ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ምክንያቱ ሞላው ነው። ጎማው ወደ ላይ ሲመጣ ሞላው ራሱ ይቋቋመዋል፤ ሾኩ ብዙ መጨመር አይጠበቅበትም። የተጨመቀው ሞላ ሲመለስ ግን ያጠራቀመውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመለሰው፤ ያን የሚይዘው ሾኩ ብቻ ነው።

ይህን ያስተዋለ ሰው ሌቭሊንግ ኪት ላለው መኪና ጠንካራ ሾክ ያስፈልጋል የሚለውን ምክር በጥርጣሬ ይሰማል። ስፔሰሩ ሞላውን አልለወጠውም። ሞላው ካልተለወጠ የሚይዘው ኃይልም አልተለወጠም። የሚለወጠው ከበድ ያለ ጎማና ቸርኬ ሲገባ ነው፤ ያኔ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወረወረው ክብደት ይጨምራልና ጥቂት ጠንከር ያለ ቫልቭ ይገባዋል። የ5100 ፒስተን ዘንጉ ቀስ ሲል እንኳ ቶሎ ይጠነክራል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን የኃይሉ ጭማሪ እየቀነሰ ይሄዳል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው አይደፋም፣ ኩርባ ላይ አይጋደምም። በተሰነጣጠቀ አስፋልት ላይ ደግሞ እያንዳንዱን ስንጥቅ ይነግራል። የሚወደው ይወደዋል። ምቾት የሚፈልግ ፋብሪካው ከሠራው ጋር የሚቀራረብ የካያባ ወይም የሞንሮ ሾክ ቢያስገባ አያፍርም።

ከፍ ያለ በጀት ላለው እዚያው ቤት 6112 የሚባል አለ። ፒስተኑ 60 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሞላውም አብሮት ይመጣል። ከ46 ወደ 60 ብዙ አይመስልም፤ የፒስተኑ ስፋት ግን 1.7 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ያንኑ ኃይል በቀነሰ ግፊት፣ በበዛ ዘይት ይሰጣል፤ ቶሎ አይግልም።

ለባለ ሁለት ቱቦው ፍትሕ ማድረግ ይገባል። የባለ አንድ ቱቦው ግድግዳ የፒስተኑ መሄጃም ነው። ከጎማ የተፈናጠረ ድንጋይ ቱቦውን ቢሰረጉደው ፒስተኑ እዚያ ይቆማል፣ ሾኩም አበቃ። ባለ ሁለት ቱቦውን ድንጋይ ሲመታው የሚሰረጉደው የውጭው ቱቦ ነው፤ ውስጠኛው ሥራውን ይቀጥላል። የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ናይትሮቻርጀር የሚባለውን ሾኩን ባለ ሁለት ቱቦ አድርጎ የሚሠራው ያለ ነገር አይደለም፤ አገሩ የድንጋይ መንገድ አገር ነው። የታኮማው ዘመድ የሆነው፣ በኛ አገር መንገድ የሞላው ሃይሉክስም ከ2005 ወዲህ ግንባሩ በሾክና በሞላ ጥምር፣ ኋላው በባሌስትራ ነው፤ እስካሁን የተባለው የርዝመት ስሌት ሁሉ ለእሱም ይሠራል። አብዛኛው ጉዞው በፒስታ ላይ ለሆነ ሃይሉክስ እኔ ብመርጥ ባለ ሁለት ቱቦውን እመርጣለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በአስፋልት ለሚሄድ ታኮማ ደግሞ ባለ አንዱን።

ስለ ኋላው ብዙ የሚባል የለም፤ የሚባለው ግን ብዙ ገንዘብ ያድናል። ሌቭሊንግ ኪት የሚያነሳው ግንባሩን ብቻ ነው። ኋላው በነበረበት ነው። ስለዚህ የኋላው ሾክ ርዝመት ከፋብሪካው ጋር እኩል ይሁን፤ በካታሎግ ላይ ከ0 እስከ 1 ኢንች ተብሎ የሚጻፈው። መኪናው ተነስቷል ተብሎ አራቱም ረጅም ከተገዛ፣ ኋላው ጭኖ ጉድጓድ ሲገባ ረጅሙ ሾክ ባሌስትራው ከሚቆምበት በፊት ይጨርሳል። መኪናው ጭነት የሚጎትት ከሆነ ደግሞ ከሾኩ በፊት ኪቱን ራሱን እንደገና ማሰብ ነው፤ ባዶውን የተስተካከለ ፒክአፕ ሲጫን ኋላው ይወርዳል፣ ባውዛውም ወደ ተቃራኒው ሾፌር ዓይን ይነሳል።

ሾኩን የሚገጥመው እጅ የሾኩን ያህል ይቆጠራል። የዘንጉ ላይኛው ዳዶ ሲጠብቅ ዘንጉ አብሮ ይዞራል። ቸኩሎ በፒንሳ የሚይዘው አለ። ዘንጉ በክሮም የተለበጠ፣ ተሞርዶ የለሰለሰ ብረት ነው፤ በላዩ የምትሄደው የጎማ ከንፈር በፒንሳ ጥርስ አንድ ጭረት ካገኘች በየምቱ ዘይት ይዛ ትወጣለች። ዘንጉን የሚይዝ ጠፍጣፋ ወይም ባለ ስድስት ጎን ቦታ ጫፉ ላይ ተቆርጦለታል፤ ለዚህ ነው የተቆረጠው። በዘንጉ ላይ ስስ የዘይት ወዝ መታየቱ ጤና ነው፤ በቱቦው ላይ ወርዶ የሚንጠባጠብ ከሆነ ነው መለወጥ ያለበት።

ሞላውን ከሾኩ ማላቀቅ የቤት ሥራ አይደለም። የተጨመቀ የፒክአፕ ሞላ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይዞ ይጠብቃል። ጋራዥ ውስጥ የቆመ የሞላ መጭመቂያ ላለው ባለሙያ ይሰጥ።

ከዚያ የታችኛው ዐይን ቡሎን አለ። በዐይኑ ውስጥ ጎማ፣ በጎማው ውስጥ የብረት እጅጌ አለ፤ ጎማው ከሁለቱም ጋር ተጣብቋል። ቡሎኑ ሲጠብቅ እጅጌው ከክንዱ ጋር አንድ ይሆናል፤ ክንዱ ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠማዘዘው ጎማው ነው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ የዐይኑ ጎማ ያን የተንጠለጠለውን ቦታ እንደ ዕረፍቱ ይይዛል። መኪናው ሲወርድ ተጠማዞ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቆሞም፣ ሲሄድም ተጠማዞ ነው። በወራት ውስጥ ይሰነጠቃል። ጥሩ ባለሙያ ቡሎኑን ለቀቅ አድርጎ መኪናውን ያወርዳል፣ ሙሉ ክብደቱን በአራት ጎማው እንዲቆም ያደርጋል፣ ግንባሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ገፍቶ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ከስር ገብቶ በቶርክ ሬንች ያጠብቀዋል። መጨረሻው አላይመንት ነው፤ ግንባሩ ሲነሳ የጎማዎቹ አቅጣጫና ዘንበላ ይለወጣልና ጎማ ከመብላቱ በፊት ይስተካከል።

ሻጭ ጋ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው የስም ነገር አይሁን። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመው ከታችኛው ዐይን መካከል እስከ ላይኛው መቀመጫ ያለውን ርዝመት ለክተው ይያዙ፤ ጎማው ተንጠልጥሎም አንድ ጊዜ ይለኩ። ከዚያ ስለሚገዙት ሾክ ሁለት ቁጥር ይጠይቁ፦ ተዘርግቶ ስንት፣ ተጨምቆ ስንት። የሚነግርዎትን ሰው ሾክ ይግዙ። የማይነግርዎት ከሆነ ዕቃው የፈለገውን ያህል ቢያምር አይግዙት።